ገላኔ የተባለው ትዕዛዝ

«ወንበሩ ሰው አለው ወይ ተብሎ ይጠየቃል እኮ!»

ገላኔ ይህን ያለችው የቢሮው በር ላይ ቆማ ነው። አንድ የማታውቀው ወጣት፣ ቦርሳውን ከትከሻው እንኳ ሳያወርድ፣ መስኮቱ ሥር ባለው የእሷ ወንበር ላይ ተደላድሎ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጧል። ድምጿን ሲሰማ ብድግ አለ። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨና የውሃ መያዣዋ ተንከባሎ ወለሉን አራሰው።

«በጣም ይቅርታ... ባዶ መስሎኝ ነው።»

«ሻርፔ ተሰቅሎበት?»

«ሻርፑን የወንበሩ ልብስ መስሎኝ!»

የሥዕልና የቀለሙን ሥራ የምትሠራው ጓደኛዋ ሱሃይላ ከማዶ ሳቋን ለቀቀችው። ገላኔ ግን አልሳቀችም። እሷ ሰው ለመውደድ ጊዜ ይፈጅባታል፤ ለመጠርጠር አንድ እይታ ይበቃታል።

ወጣቱ ማናሴ ይባላል፤ ከቢሾፍቱ የመጣ አዲስ ሠራተኛ ነው። ቢሮው አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ሻንጣ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ነው። ለሆቴሎች፣ ለክሊኒኮችና ለጅምላ ነጋዴዎች የኮምፒውተር ሲስተም እየሠራ ያስረክባል። መስኮቱ ከተከፈተ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ ይገባል፤ ከተዘጋ ደግሞ ሙቀቱ ያፍናል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንዱ ሲከፍት ሌላው ይዘጋል።

በዚህ ቢሮ ገላኔ ያልነካችው ሥራ አይጀመርም። አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር፣ ሌሎቹ አንዲት መስመር ኮድ ከመጻፋቸው በፊት፣ መሠረቱን የምትጥለው እሷ ናት። ማውዝ ሳትነካ፣ በኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ ትዕዛዞችን አንድ በአንድ እየጻፈች ፎልደሮቹን ትከፍታለች፤ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ታስገባለች፤ ዳታቤዙን ታዘጋጃለች፤ የይለፍ ቃሎቹን ትሰጣለች። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ያደክማል፣ አይቶ የሚያመሰግን የለም። ግን የእሷ ነው።

ጥርጣሬዋም ከመሬት የበቀለ አልነበረም። ከዚህ ቀደም ዘካርያስ የሚባል የሥራ ባልደረባ ነበራት። «እህቴ፣ እህቴ» እያለ አጠገቧ ተቀምጦ የምታውቀውን ሁሉ ተማረና፣ የራሱን ቢሮ ከፍቶ ደንበኞቿን ይዞ ሄደ። ሰላምታውንም ይዞ ሄደ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ከዚያ ወዲህ ሰው አጠገቧ ወንበር ሲስብ ትበረግጋለች።

ማናሴ ደግሞ በማግስቱ ወንበር ስቦ መጣ።

«ስትሠሪ ባይ ቅር ይልሻል?»

«ምኑን ነው የምታየው?»

«ሁሉንም። እጅሽ ይፈጥናል፤ ልደርስበት አልቻልኩም።»

ቅር ይለኛል ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን የተናገረው ነገር ደስ አላት። ማንም ስለ እጇ አንስቶ አያውቅም።

«የቀን አቆጣጠሩን ከዳታቤዙ በፊት ለምን አስገባሽ?» አላት ትንሽ ቆይቶ።

«አንዴ ወደ ኋላ አድርጌው ዳታቤዙ ጳጉሜን አላውቅም አለ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ በጳጉሜ የተወለዱ ሕፃናት ሁሉ ልደት አጡልህ!»

ማናሴ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ዓይኑም ጉንጩም ትከሻውም ይስቃል። ገላኔ ሳታስበው አብራው ሳቀችና ወዲያው አፏን ሰበሰበች።

ጥያቄው በዚያ አላበቃም። «ይሄን ለምን?» «ከዚህ ቀጥሎስ?» «ይሄኛው ቢቀር ምን ይሆናል?» በየቀኑ ነው። ከሥራ ሲወጡ ከፎቁ ሥር ያለው ጭማቂ ቤት ጎራ ማለት ለመዱ። እሷ ስፕሪስ ያለ ስኳር እንደምትወድ ሳይነገረው ያዘ። አንድ ቀን አቮካዶውን በማንኪያ እያማሰለች ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው።

«ታውቃለህ... እኔ ሁሌ መሠረት ቆፋሪ ነኝ። ቤቱን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። ለከባድ መኪና ሾፌሮች የሚሆን ሲስተም መሥራት እመኛለሁ። ከጅቡቲ አዳማ ድረስ የት እንደሚያርፉ፣ የት ጎማ እንደሚያስጠግኑ የሚነግራቸው። አባቴ ሾፌር ነበር፤ በረሃ ላይ ብቻውን ቆሞ ያደረበትን ቀን እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ለምን አትጀምሪውም?»

«ጊዜ ከየት ይምጣ?»

«ቢመጣስ?»

«ከሰማይ ይወርዳል?»

ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ብቻዋን ፈገግ ስትል የባጃጁ ሾፌር በመስታወቱ አይቷት እሱም ፈገግ አለ። ወዳዋለች! ለራሷ አልተናገረችም እንጂ ባጃጅ ነጂው እንኳ አውቆታል።

ግን ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር።

መጀመሪያ የሥራ አስኪያጇ የወይዘሮ ሸዋወርቅ በር መዘጋት ጀመረ። ገላኔ አንኳኩታ ስትገባ ማናሴን እዚያ ታገኘዋለች፤ ሁለቱም ወሬያቸውን ይቆርጣሉ። ቀጥሎ ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ፈቃድ ስትጠይቅ ፊታቸውን ያጠቆሩባት እኚሁ ሴትዮ ጠርተዋት፦

«ገላኔ፣ የዓመት ፈቃድሽን ለምን አትወስጂም? ትንሽ ዕረፊ እንጂ» አሏት።

በጤናቸው ነው? ፈቃድ በግድ የሚሰጥበት ቢሮ አይታ አታውቅም። ይህን እያሰላሰለች በማግስቱ ደረጃውን ስትወጣ፣ ከላይ የማናሴን ድምፅ ሰማች። በስልክ ነው የሚያወራው።

«አዎ እትዬ... አብዛኛውን ነግራኛለች። ትንሽ ነው የቀረኝ... ኧረ እሷ ምንም አታውቅም።»

ገላኔ የደረጃውን ብረት እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሌላ ዘካርያስ! ይሄኛው ደግሞ ልቧን ጭምር ነው የሚወስደው።

«ፊት ለፊት ጠይቂው» አለቻት ሱሃይላ፣ ስትነግራት።

«ሌባ ሰርቀሃል ወይ ተብሎ ይጠየቃል?»

«ወይ ገላኔ! ልጁ እኮ ዓይኑን ካንቺ ላይ አያነሳም።»

«ከእኔ ላይ አይደለም፤ ከእጄ ላይ ነው።»

ዓርብ ጠዋት ማናሴ ወንበሩን ስቦ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«ገላኔ፣ እስካሁን ያሳየሽኝ ሁሉ ነው? ፎልደሩን ከመክፈትሽ በፊት የምታደርጊው ሌላ ነገር የለም?»

ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነበር። ገላኔ አንዲት ትዕዛዝ ከመጻፏ በፊት፣ በዚያ ስም ቀድሞ የተቀመጠ የሰው ሥራ አለ ወይ ብላ ታያለች። ካለ እጇን ትሰበስባለች። ይህን በዓይኗ ብቻ ስለምታደርገው አጠገቧ የተቀመጠ ሰው እንኳ አያስተውለውም።

እጇ ፊደሎቹ ላይ ቆመ።

«የለም» አለችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የለም አልኩህ!»

ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ሁሉንም ወደ ክፍላቸው ጠሩ። ማናሴ ላብ አጥምቆት ኮምፒውተሩ ፊት ቆሟል። ጥቁሩን መስኮት ከፈተ።

«ከእንግዲህ አዲስ ሥራ ለመጀመር አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጻፈው» አለ።

አንድ ቃል ጻፈና ኢንተር መታ። ትዕዛዙ የሥራውን ስም ጠየቀ፤ ሰጠው። ከዚያ መስመር በመስመር ወረደ። ፎልደሮቹ፣ የቀን አቆጣጠሩ፣ ዳታቤዙ፣ የይለፍ ቃሎቹ... በእሷ ቅደም ተከተል፣ በእሷ መንገድ! እሷ ቀኑን ሙሉ የምትለፋበት ሥራ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ሁሉም አጨበጨበ።

«የትዕዛዙን ስም ምን አልከው?» አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ።

ማናሴ ዞሮ ገላኔን አያት። «ገላኔ ነው ያልኩት እትዬ።»

«ጎሽ! ከዛሬ ጀምሮ ገላኔ ብሎ ኢንተር መምታት ነዋ!»

ቢሮው በሳቅ ተሞላ። ገላኔ ሻርፗን ይዛ ወጣች። ማናሴ ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«ገላኔ... አልወደድሽውም?»

«ምኑን ልውደደው? ሰውን በቁሙ ስሙን ወስደህ ዕቃ ታደርገዋለህ? እኔ ነገ ባልኖርም ገላኔ አለች! ደመወዝ አትል፣ ፈቃድ አትል!»

«እንደዚያ እኮ አይደለም፣ ላስረዳሽ...»

«ጭማቂውም ለዚህ ነበር? ሳቁም?»

«ሳቁ የእውነት ነው...»

«ዘካርያስ እንኳ ስሜን ትቶልኝ ነው የሄደው!»

«ዘካርያስ ማነው?» አለ ማናሴ ግራ ገብቶት። ገላኔ ግን ደረጃውን ጨርሳ ወጥታለች።

ቅዳሜና እሑድን ወንጂ አባቷ ቤት ስልኳን ዘግታ ከረመች። አባቷ ኦቦ ሰንበታ ዕድሜያቸውን መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ከኋላ የሚመጣውን ሳይዞሩ ያያሉ።

«ዓይንሽ ምን ሆነ ልጄ?»

«የአዳማ አቧራ ነው፣ አባ።»

«የአዳማ አቧራ ወንጂ ድረስ ተከተለሽ?» አሉና ተዉዋት።

ሰኞ ጠዋት ደረጃውን ገና ሳትጨርስ ጩኸት ሰማች። ስትገባ ሱሃይላ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቀልተዋል። ማናሴ መሃል ቤት ቆሟል።

የሆነው ይህ ነው። ሲስተም ያዘዘው የሆቴል ባለቤት ከሰዓት በኋላ ሥራውን ሊያይ ይመጣል። ወይዘሮ ሸዋወርቅ አዲሷን ትዕዛዝ ሊያሳዩት ጓጉተው በጠዋት ገብተው ተለማመዱ። ገላኔ ብለው ጻፉ። ትዕዛዙ የሥራውን ስም ሲጠይቃቸው አፋቸው ላይ የመጣውን የዚያኑ ሆቴል ስም ሰጡት። ማናሴ ሲሞክረው ሳለ ያለፈውን ጠርጎ እንዲጀምር አድርጎት ስለነበር፣ ትዕዛዙ ማንንም ሳይጠይቅ የሆቴሉን ሥራ አጠፋና በቦታው ባዶ ፎልደር ተከለ። ኢንተርኔቱ ሰሞኑን እየተቆራረጠ የሥራው ቅጂም እዚያ አልተቀመጠም።

«የስንት ሰው ልፋት ነው!» ጮኹ ወይዘሮ ሸዋወርቅ። «ገላኔ አልነገረችህም? እሷ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሠርታ አታውቅም!»

ማናሴ ቀና ብሎ ገላኔን አያት። አሁን ይናገራል፣ አለች በልቧ። የለም ብላኛለች ይላል።

«ያልጠየቅኳት እኔ ነኝ እትዬ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ገላኔ ቦርሳዋን ጭብጥ አደረገች። ቦርሳዋ ውስጥ ሃርድ ዲስኳ አለ። የመብራቱን ጠባይ ስለምታውቅ ማታ ማታ የሁሉንም ሥራ ሳትገለብጥ ከቢሮ አትወጣም። ዓርብ ግን ወደ ማሳያው ከመግባቷ በፊት ነበር የገለበጠችው። ሥራው በእጇ ነው። ዝም ብላ ብትመልሰው ጀግና ትሆናለች፣ ቦታዋን የሚነካ አይኖርም፣ ሌባውም ይሄዳል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

ምንም ሳትል ሃርድ ዲስኩን ሰካች። የሆቴሉ ሥራ ተመለሰ። ሱሃይላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ገላኔን ገላኔ አትተካትም!» አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ እያጨበጨቡ። ወዲያው ወደ ማናሴ ዞሩ። «አንተ ግን ዕቃህን ሰብስብ።»

ማናሴ ቦርሳውን አነሳ። በእሷ በኩል ሲያልፍ ቆም አለ።

«ገለቶሚ፣ ገላኔ» ብሎ በኦሮምኛ አመሰገናት። «የሱሃይላን ልፋት አዳንሽው።»

ቂም እንኳ የለውም! ወይዘሮ ሸዋወርቅ ገላኔን ወደ ክፍላቸው ወስደው በሩን ዘጉ።

«ያሳዝናል» አሉ ተቀምጠው። «ልጁን ወድጄው ነበር። ‹ገላኔን ከመሠረት ቁፋሮ ላሳርፋት፤ የሾፌሮቹን ሲስተም እንድትመራ ይፍቀዱላት› ብሎ ሲለምነኝ ነው የሰነበተው። ባለመኪኖቹን እኔ አነጋገርኳቸው፤ ተስማምተዋል። ፈቃድ ውጪ ያልኩሽ ያ ከመጀመሩ በፊት እንድታርፊ ነበር። ሳታስበው ደስ ይበላት ብሎ እንዳልነግርሽ አስማለኝ።»

ገላኔ ወንበር ሳትፈልግ ቁጭ አለች። የተዘጋው በር... ደረጃው ላይ የሰማችው ስልክ... ‹እሷ ምንም አታውቅም›... ሁሉም ተገለባበጠባት።

«እትዬ... ዋሽቼዋለሁ።»

«ምን?»

«ጠይቆኛል። ፎልደሩን ከመክፈትሽ በፊት የምታደርጊው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። የለም አልኩት። እያወቅኩ! እሱ እኔን ለማዳን ነው የዋሸው።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ለምን?»

«ጠርጥሬው።»

«እኔስ ምን እሻላለሁ?» አሉ። «እንደ መጫወቻ የነካካሁት እኔ፣ ያባረርኩት እሱን። ያንቺን ሲመለስ እንነጋገርበታለን። በይ ሩጪ! መኪናው ሳይሞላ ድረሺበት።»

ባጃጁ መናኸሪያ እስኪደርስ የአዳማ መንገድ ረዘመባት። «ቢሾፍቱ! ቢሾፍቱ! የቀረው ሁለት ሰው!» ይላል ረዳቱ። ሚኒባሱ ውስጥ ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ማናሴ ከኋላ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። ቦርሳው አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ነው።

ሰው እየረገጠች ደረሰች።

«ሰው አለው?» አለችው።

«የለውም» አለ ሳይዞር። ቦርሳውን ወደ ጭኑ ሲያነሳ ሻርፗን አየና ቀና አለ። «ገላኔ!»

«ዋሽቼሃለሁ...»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?!»

«ዓርብ ጠዋት የለም ስትይኝ እጅሽ ቆመ። እጅሽ ቆሞ አያውቅም። ዛሬ ሥራው ሲጠፋ ነው ነገሩ የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ያላመነችኝ በሆነ ምክንያት ነው አልኩ። ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው ያልኩት ለማስመሰል አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ሳልጠይቅ ወንበርሽ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ደግሞ ሳልጠይቅ ስምሽን ወሰድኩ። ደስ የሚልሽ መስሎኝ... ስምሽን ቀኑን ሙሉ ልጻፈው ብዬ ነው።»

እንባዋ መጣ። በሰው ፊት የማታለቅሰዋ ገላኔ በሙሉ ሚኒባስ ፊት አለቀሰች።

«ጠርጥሬህ ነበር። እየጠረጠርኩህም ግን ወድጄሃለሁ! የቱ እንደቀደመ አላውቅም...»

ማናሴ እጇን ያዘ። ያን የሚፈጥን እጅ። አልተንቀሳቀሰም፤ እዚያው ዐረፈ።

«እህቴ፣ ሂሳብ!» አለ ረዳቱ። ለካ ሚኒባሱ ተነስቶ ከተማውን እየለቀቀ ነው።

«እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም!»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው የተቀመጥሽው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሞጆ ላይ ወርደው፣ በሌላ መኪና ተያይዘው ወደ አዳማ ተመለሱ።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ማናሴን ይቅርታ ጠየቁት፤ ገላኔንም አልማሯትም፣ በቢሮው ሁሉ ፊት እንድትናገር አደረጓት። ተናገረች። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የጎደለውን ጻፉ። አሁን ትዕዛዙ ከምንም በፊት በዚያ ስም የሰው ሥራ አለ ወይ ብሎ ያያል፤ ካለ ይቆማል።

«ስሙን ልቀይረው?» አላት ማናሴ።

«እየጠየቅከኝ ነው?»

«እየጠየቅኩሽ ነው።»

«እንግዲያው ተወው» አለችው።

የሾፌሮቹ ሥራ ተጀመረ፤ መሪዋ እሷ ናት። መሠረቱን ማን ጣለው ቢባል፣ ገላኔ ተብሎ ኢንተር ተመታ።

የመስቀል ሰሞን ወንጂ ኦቦ ሰንበታ በር ላይ ሽማግሌዎች ቆሙ። ፊት የቆሙት የማናሴ አጎት ኦቦ ምልኬሳ ናቸው። ወንበር ቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም። የጠየቁትን ሳያገኙ እንደማይቀመጡ ባለቤቱም ያውቃሉ። ገላኔ ከጓዳው በር ጀርባ ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች።

«ልጁ» አሉ ኦቦ ሰንበታ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ «ያ ሳይጠይቅ የልጄ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ምልኬሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሱ ነው። ጥፋቱን አምኗል። ለዚህ ነው ዛሬ እኛ ቆመን የምንጠይቀው።»

ገላኔ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ማናሴ ከግቢው ውጭ ባጃጅ ውስጥ ስልኩን ጨብጦ እንደሚጠብቅ ታውቃለች። ከዚያ የአባቷን ሳቅ ሰማች፤ ያን የረጅም መንገድ ሾፌር ሳቅ።

«ታኣ! ታኣ! ተቀመጡ እንጂ!»

ወንበሮቹ ተንኳኩ። ገላኔ ስልኳን አወጣችና አንድ ቃል ብቻ ጽፋ ላከችለት።

«ተቀመጡ።»